ባለ ድልድይዋ የተሻገረችበት ቀን

ጥቅምት 4

ለውድ አጎቴ፣ ለጋሼ አራት ነጥብ፤

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ዓይንዎ፣ ያ አመለኛ ጉልበትዎ እንዴት ነው? ፈጣሪ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። እኔ ክብሩ ይስፋ ደህና ነኝ።

ለወጉ ደህና ነኝ አልኩ እንጂ እንቅልፍ ካጣሁ ሰንብቻለሁ። ምክንያቱን ሲሰሙ ይስቁብኛል፤ በዓለም ላይ የሌለች አንዲት ሴትዮ ናት።

የዛሬ ስድስት ዓመት የጻፍኩትን የቪዲዮ ጌም አይረሱትም። ጡረታ ሲወጡ ከነማሽኑ ልኬልዎት "የልጅ ነገር" ብለው ሁለት ወር ሳጥኑን ሳይከፍቱ አስቀመጡት፤ ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ራት ያስረሳዎት ጀመር። እዚያ ውስጥ ያለችውን ባለ ድልድይ ያስታውሷታል። መንገደኛው ወንዙን ለመሻገር ሰባት ጊዜ በእሷ በኩል ያልፋል። ሰባቱንም ጊዜ ከጎጆዋ ደጃፍ ቆማ "ከየት?" ትላለች፣ "ወዴት?" ትላለች፣ ከዚያ "እለፍ"። ሌላ ቃል የላትም። ባሏን ድልድዩን ሲጠግን ወንዙ ወስዶታል። ከዚያ ወዲህ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም፤ የምትጠብቀውን ድልድይ ግን አንድም ቀን ተሻግራው አታውቅም።

እማዬ ናት። እርስዎ በመጀመሪያው ቀን ነቅተውብኛል፤ እሷ ትወቅ አትወቅ እስከ ዛሬ አላውቅም። ልጅ ሆኜ ከቤት ስወጣ "ወዴት?"፣ ስገባ "ከየት?" ነበር፤ የቀረውን በዓይኗ ትጨርሰዋለች። ከዚያ ተመልሳ ከክርና አዝራር ሱቁ ባንኮኒ ኋላ መቆም ነው።

ሁለተኛው ክፍል ከወጣ ስድስት ሳምንት ሆነው። እኔ ሌላ ሥራ ላይ ስለነበርኩ አራት ጸሐፊዎች ተካፍለው ጻፉት። ባለ ድልድይዋን አራት ቦታ ቆራርሰዋታል። ሰው ተቆጥቷል፤ በየቀኑ በመቶ የሚቆጠር ደብዳቤ ይመጣል። አሁን አለቆቼ ወደ እኔ ዞረው "ያንቺ ልጅ ናት፣ አርሚያት" አሉኝ። ድምፅዋን የምትሰጠው ተዋናይ የካቲት 20 እና 21 ትመጣለች። ከእነዚያ ሁለት ቀናት በኋላ በሩ ይዘጋል፤ ባለ ድልድይዋም እንደሆነችው ሆና ትቀራለች። ካላስተካከልኳት እናቴን በአደባባይ ያዋረድኳት ያህል ይሰማኛል።

ልመናዬ ይኸውልዎት። በማተሚያ ቤቱ አርባ ዓመት እንዳረሙት አድርገው ያርሙልኝ። ለእያንዳንዱ የልብ ወለድ ሰው ካርድ ያወጡ ነበር አይደል? ዓይኑ ምን ዓይነት ነው፣ በየትኛው እጁ ይበላል፣ ምን ይላል፣ ምን አይልም። ለእሷም ካርድ ያውጡላት። በቋንቋችን የወጣውን ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያለሁ።

ለእማዬ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። እሑድ እሑድ ትደውላለች፤ ግን ስልኩን ለመዝጋት ትቸኩላለች። ደህና ናት?

የእህትዎ ልጅ

—

ጥቅምት 27

ለእህቴ ልጅ፣ ለለፍላፊዋ፤

ሰላምሽ ይብዛ። እጅሽ አይድከም፣ ዓይንሽ አይፍዘዝ። ጉልበቴ እንደ ቀድሞው አመለኛ ነው፤ አሁን ደግሞ በአንቺ ምክንያት አውራ ጣቴ አብጧል።

መጀመሪያ የቀድሞውን እንደገና ተጫወትኩ፤ አራሚ ከገጽ አንድ ነው የሚጀምረው። ልጄ፣ ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። በእነዚህ እጆች ያላለፈ መጽሐፍ የለም። ነገር ግን ጭጋጉ ተገፎ ያቺ ሴት ከጎጆዋ ስትወጣ ዛሬም እንደ መጀመሪያው ቀን ጸጉሬ ቆመ። ከሥዕልና ከድምፅ የተሠራች መሆኗን አሳምሬ አውቃለሁ፤ ግን ከወንበሬ ተነሥቼ ነው የጠበቅኋት። ሦስት ቃል ብቻ ተሰጥቷት አገር የምታህል ሴት እንዴት ሆነች? አንቺን አንቀልባ ላይ አውቅሻለሁ፤ ይህን ጥበብ ከየት እንዳመጣሽው ግን ዛሬም ይገርመኛል።

ከዚያ ሁለተኛውን ከፈትኩ። ምነው ባልከፈትኩት።

ካርዷ ሞልቶ ጀርባው ላይ ጻፍኩ። በመጀመሪያው ግራ እጇ ሽባ ነው፣ በገመድ ታስራዋለች፤ በሁለተኛው በዚያው በግራ እጇ መቀርቀሪያ ታነሣለች። ማንበብ የማትችለው ሴት ገበያው ላይ ካርታ ዘርግታ ታነባለች። ይባስ ብሎ አንዱ ጋ "ባሌ ቤት ይጠብቀኛል" ትላለች። የቱ ባሏ? ወንዝ የበላውን ሰው ከየት አመጡት? በገዛ ቤቴ ብቻዬን ጮህኩ፤ ጎረቤት ደህና ነህ ወይ ብሎ አንኳኳ።

ይሄ ሁሉ የእጅ ስህተት ነው፤ ይነቀላል። ትልቁ ነገር ግን ሴትዮዋ ራሷ ናት። ድልድዩን ትታ ስድስት በቅሎ የሚጎትተው ሠረገላ ትነዳለች። በመንገደኛ ላይ ትጮኻለች። ትስቃለች፤ ያውም ጥርሷ እስኪታይ። እኔ በካርዷ ላይ "አትስቅም" ብዬ ጽፌያለሁ። ይቺ ሌላ ሴት ናት። ሌላ ሴት በእሷ ቀሚስ። ይህን ያሳለፈው አራሚ በእኔ ጊዜ ቢሆን ማታውኑ ደመወዙን ተቀብሎ ይሄድ ነበር።

ዝርዝሩን በሌላ ወረቀት አድርጌልሻለሁ፤ አርባ አንድ ነጥብ ነው።

እናትሽ ደህና ናት። ጊዜ እያጠራት ነው እንጂ ምንም አልሆነችም።

አጎትሽ

—

ኅዳር 12

ለውድ አጎቴ፤

እንደምን ከረሙ? አውራ ጣትዎን በሞቀ ውሃ ይንከሩት። ዝርዝርዎን ከጠረጴዛዬ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት፤ ያለፈ ያገደመው ሁሉ ቆሞ ያነበዋል። የቡድን መሪያችን "እኚህን ሰውዬ መቅጠር እንችላለን?" ብሎ ጠየቀኝ። ቀልዱን አይደለም።

ቆርጫለሁ ጋሼ። ሠረገላውን አወጣዋለሁ። ጩኸቱን አወጣዋለሁ። ሳቁን ከሁሉ አስቀድሜ አወጣዋለሁ። ወደ ድልድይዋ እመልሳታለሁ። ነብር ዝንጉርጉርነቱን አይለውጥም ይባል የለ? ሰው በስድሳ ዓመቱ እንደዚህ አይለወጥም፤ ከተለወጠ ደግሞ ድሮም ውሸቱን ነበር ማለት ነው። ያንን ድልድይ ትታ ከሄደች አንድም ቀን ወዳው አታውቅም። ባሏንም አልወደደችውም። እዚያ ቆማ ታየው የነበረውን ሰው ሁሉ ስታታልል ኖራለች። እንዲህ ያለችዋን ሴት እኔ አላውቃትም፤ ላውቃትም አልፈልግም።

አባዬ ሲያርፍ የመኖሪያ ወረቀቴ አላልቅ ብሎ መምጣት አልቻልኩም፤ ያውቁታል። ያኔ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ያጽናናኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እማዬ ባንኮኒው ኋላ እንደቆመች ማሰብ። እሷ እዚያ ካለች ቤት አለ አልኩ። ባለ ድልድይዋን የጻፍኩት በዚያው ዓመት ነው። ለዚህ ነው በሌላ ሰው እጅ ስትበላሽ የማልችለው።

ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ባለፈው ሳምንት ሦስት ጠዋት ወደ ቤት ደወልኩ፤ እማዬ አታነሳም። ሱቁን ከዘጋች ወዲያ ጠዋት የት ትሄዳለች? ሰላምታዬን እንደ ሁልጊዜው ያንብቡላት።

የእህትዎ ልጅ

—

ታኅሣሥ 6

ለውድ አጎቴ፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ደብዳቤዬ አልደረሰም? እርስዎ እንኳን ለደብዳቤ ለመብራት ክፍያ ማሳሰቢያም መልስ የሚጽፉ ሰው ነዎት፤ የሠራሁት ጥፋት ካለ ይንገሩኝ።

እሑድ እማዬ ደውላ ነበር። ስለ ጤና ተጠያየቅን። ከዚያ "ያቺን ሴትዮ መለስሻት?" አለችኝ። የትኛዋን ብዬ ልጠይቅ ስል ገባኝ። "እየመለስኳት ነው" አልኩ። "ደግ አደረግሽ" አለችና ዘጋችው።

ጌም የሚባል ነገር በሕይወቷ ጠይቃኝ አታውቅም። ከየት ሰማች? ጋሼ፣ የማላውቀው ነገር አለ። እባክዎ ይጻፉልኝ።

የእህትዎ ልጅ

—

ታኅሣሥ 19

ለእህቴ ልጅ፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ቀደድኩ፤ ይህ አራተኛው ነው።

የኅዳሩ ደብዳቤሽ በደረሰ ቀን እናትሽ እኔ ዘንድ ነበረች። ሰላምታሽን ላነብላት ጀመርኩ። "ሌላውንም አንብበው" አለችኝ። የጌም ነገር ነው ብዬ አነበብኩት፤ እንዲያውም እንደ ሬዲዮ ሰው ድምፄን አሳምሬ። "ላውቃትም አልፈልግም" የሚለው ላይ ስደርስ ቀና ብዬ አየኋት። ያኔ ነው ምን እንዳደረግሁ የገባኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። እናትሽ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

ልጄ፣ እናትሽ መኪና መንዳት ታስተምራለች።

ወንበር ያዢ። ከሦስት ዓመት በፊት ተማረች፣ መንጃ ፈቃድ አወጣች። ካለፈው ዓመት መጀመሪያ ጀምሮ በሠፈራችን የመንጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ናት። በቀን ስድስት ተማሪ ትይዛለች። በቀን አሥር ቃል የማይወጣት ያቺ እህቴ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ "ፍሪሲዮኑን ቀስ! ፍሬን! መስታወቱን እንጂ እኔን አትይ" እያለች መንገዱን ታናውጠዋለች። ሳቋ ከሁለት ቤት በላይ ይሰማል። እሑድ ለአንቺ ስትደውል ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች፤ የድሮ ቀሚስን ለእንግዳ እንደ መልበስ ያለ ነው። "ለልጄ እንዳትነግራት" ብላ አስማለችኝ። "ስትሄድ ሱቁ ውስጥ ትታኝ ነው የሄደችው። ሱቁ ቢዘጋም እዚያው እንዳለሁ ትወቀኝ።" እኔም ዋሸሁልሽ።

ደብዳቤሽን ከሰማች ወዲህ ሃያ አንድ ቀን ሥራ አልሄደችም። የትምህርት ቤቱ ሰው ሁለት ጊዜ መጣ። "ደክሞኛል፣ ይብቃኝ" አለችው። ሄጄ ባያት የተዘጋውን ሱቅ ከፍታ ባንኮኒው ኋላ ቆማለች። መሳቢያዎቹ ባዶ ናቸው። አዝራር የለም፣ ክር የለም፣ ገዢ የለም።

አሁን የእኔን ጉድ ስሚ። ሠላሳ ዓመት ይሆነዋል፤ አንድ ወጣት ደራሲ ልብ ወለዱን አመጣልን። ሴቲቱ አሥራ አንድ ምዕራፍ ሙሉ አትስቅም። እኔም ካርዷ ላይ "አትስቅም" ብዬ ጻፍኩ። አሥራ ሁለተኛው ላይ "ሳቀች" ይላል። አሃ፣ ያዝኩህ አልኩ። ሰረዝኩና "ዝም አለች" አደረግሁት። ታተመ። ደራሲው አንድ ቅጂ ይዞ ቢሮዬ መጣ። አልጮኸም። "ጋሼ፣ መጽሐፉን የጻፍኩት እኮ ለዚያች ቃል ነበር" ብሎኝ ወጣ። ሌላ መጽሐፍ ሲጽፍ አላየሁም። ይህን ለሰው ተናግሬው አላውቅም። አሁን ደግሞ በሰባ አንድ ዓመቴ ያንኑ ስህተት በአንቺ እጅ ላስደግመው ነበር፤ አርባ አንድ ነጥብ ዘርዝሬ።

ካርድ ሰው ትናንት ምን እንደነበረ ይይዛል፤ ነገ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። የጓደኞችሽ ጥፋት ሴትዮዋን ማሳቃቸው አይደለም። ከዝምታው ወደ ሳቁ የሄደችበትን መንገድ አላሳዩንም፤ ጥፋታቸው ይሄ ነው። መንገዱን እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ልንገርሽ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሱቁ ውስጥ ከእሷ ጋር ተቀምጫለሁ። የመንጃ ትምህርት ቤቱ መኪና በራችን ላይ ሞተሩ ጠፍቶ ቆመ። መሪው ላይ ያለችው አንዲት ልጅ ናት፣ ታለቅሳለች። ከኋላዋ ያለው ሁሉ ክላክስ ይነፋል። አስተማሪው ከጎኗ ተቀምጦ ይሰድባታል። እናትሽ ባንኮኒውን ዞራ ወጣች። በሥራ ሰዓት ከዚያ ባንኮኒ ስትወጣ ሳያት በሠላሳ ዓመት የመጀመሪያዬ ነው። የመኪናውን በር ከፍታ ሰውዬውን "ውረድ" አለችው። ደንግጦ ወረደ። መኪና እንዴት እንደሚነዳ የማታውቀው ሴት ከልጅቷ ጎን ተቀመጠችና በሩን ዘጋችው። የመኪናው መስኮት ክፍት ነበር፤ ተከትያት ወጥቼ ሁሉን ሰምቻለሁ። "ከየት መጣሽ?" አለቻት። ልጅቷ እያለቀሰች መለሰች። "ወዴት ነሽ?" መለሰች። "በይ፣ እንሂድ።"

ሄዱ። አስተማሪውና እኔ አስፋልቱ ላይ ተፋጠን ቀረን። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተው በላይኛው መንገድ ዞረው መጡ። እህቴ ትስቃለች። ልጄ፣ የገዛ እህቴን ጥርስ ረስቼው ነበር። እግዜር አዲስ ሰው ሲፈጥር ቆሜ ያየሁ መሰለኝ፤ ደግሞ ያው እሷው ናት፣ ያው ቃሏ፣ ያው ዓይኗ። እስከ ዛሬ ሳስበው እደነቃለሁ። ወርዳ አስተማሪውን "ለመማር ስንት ወር ይፈጃል?" አለችው።

አባትሽን አልወደደችውም ብለሽ እንዳታስቢ። አብሬያቸው ኖሬያለሁ፤ እኔ ምስክር ነኝ።

የምታደርጊውን አንቺ ታውቂያለሽ።

አጎትሽ

—

ጥር 8

ለውድ አጎቴ፤

ፈጣሪ ይባርክዎ፤ ደግሞም ይቅር ይበልዎ። ደብዳቤዎን አንብቤ መጀመሪያ በእርስዎ ተናደድኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ "ደህና ናት" እያሉ የጻፉልኝን ደብዳቤዎች አውጥቼ አንድ በአንድ አነበብኳቸው። "ጊዜ አጥሯት ነው" ይላሉ፣ "ትንሽ ወጣ ብላ ነው" ይላሉ። ሁሉም እውነት ነው፤ ለካ እኔ ነኝ ያላነበብኩት።

ከዚያ በራሴ ተናደድኩ። ከዚያ አለቀስኩ። እማዬ ባዶ መሳቢያ ፊት ቆማ ትታየኛለች፤ እዚያ ያቆምኳት ደግሞ እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት አገር ለአገር ስዞር፣ ቋንቋ ስቀይር፣ ሥራ ስቀይር ማንም "ድሮም ውሸትሽን ነበር" አላለኝም። እሷን ግን አንድ ቦታ ቸንክሬ እንዳትነቃነቅ ፈረድኩባት፤ ለእኔ ቤት እንዲሆነኝ ብዬ።

ስልክ ደውዬ ነበር። "ብርዱ እንዴት ነው?" ብዬ ጠይቄያት ዘጋሁት። ለጌም ስንት ሺህ ቃል የምጽፍ ሴትዮ ለእናቴ አንድ አጣሁ።

ስለዚህ የምችለውን አደረግሁ፤ ጻፍኩት። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አራት ገጽ አለ። ድልድዩ መካከል አንድ ሠረገላ ቆሟል። አንዲት ልጅ ልጓሙን ይዛ ታለቅሳለች፣ በቅሎዎቹ እምቢ ብለዋል፣ ከኋላ ያለው መንገደኛ ይጮኻል፣ ባለ ሠረገላው ይሰድባታል። ባለ ድልድይዋ ከጎጆዋ ትወጣለች። የቀረውን እርስዎ ያውቁታል። እነዚያ አራት ገጾች በመጀመሪያው ጌምና በሁለተኛው መካከል ይገባሉ። ሽባው እጅ፣ ካርታው፣ ከሞት የተነሣው ባል ይታረማሉ። ሳቁ ይቆያል።

ግን ሕይወቱ የእሷ ነው። ያለ ፈቃዷ አንድ ቃል አላስገባም። እምቢ ካለች እቀደዋለሁ፣ ለአለቆቼም አልቻልኩም እላለሁ። ከየካቲት 20 በፊት መልሷን ይላኩልኝ። ባይፈቀድልኝም እንኳ ያንብቡላት፤ እንደ ሬዲዮ ሰው አድርገው።

የእህትዎ ልጅ

—

ጥር 29

ለእህቴ ልጅ፤

ሰላምሽ ይብዛ። ወረቀትሽን ይዤ ሄድኩ። ሱቁ ውስጥ ነበረች። ላነብላት መነጽሬን ሳወጣ "አምጣው" ብላ ከእጄ ወሰደችው። ቆማ አነበበችው። ጨርሳ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። ዋና አዘጋጁ ፊት እንኳ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

"አንድ ስህተት አለው" አለች።

እኔ ያላየሁት ስህተት? እርሳሴን አወጣሁ።

"ሴትዮዋ አልፈራችም" አለችኝ። "እንዲሁ ዘላ ወጣች። እኔ ፈርቼ ነበር። እጄ ሲንቀጠቀጥ ልጅቷ እንዳታይብኝ ጭኔ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩበት። መንገዱን ሙሉ እጄ ላይ ተቀምጬ ነው የሄድኩት። ይህን ጻፊው በላት። ያለዚያ ውሸት ነው።"

ልጄ፣ መስኮቱ ላይ ቆሜ ነበር እኮ። ሁሉን አየሁ ብዬ ጽፌልሻለሁ። እጇን አላየሁትም።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከቤቴ ፊት ለፊት "ፍሬን! ፍሬን አልኩሽ እኮ!" የሚል ጩኸት ቀሰቀሰኝ። በእንቅልፍ ልቤ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ።

አጎትሽ

—

የካቲት 23

ለውድ አጎቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? ይህን የምጽፍልዎ ሦስት ቀን እንቅልፍ አጥቼ ነው፤ ለፊደሌ ይቅርታ።

ቀላል አልነበረም። የቡድን መሪው "የድሮዋን መልሺልን ተባልሽ እንጂ አዲስ ታሪክ ጨምሪ አልተባልሽም" አለ። ሰው የሚጮኸው ስለ ሳቁ ነው፣ ሳቁን አውጪና ነገሩ ይብረድ አለኝ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ማለት በዚህ አገር ቋንቋ እንዴት እንደሚባል አላውቅም፤ ዝም ብዬ አራቱን ገጽ ፊቱ አስቀመጥኩለት። ሲጨርስ "ለመቅረጽ ሁለት ቀን አለሽ" ብሎ ተነሣ።

ተዋናይዋ ሴትዮ ዕድሜዋ ወደ እማዬ ይጠጋል። ወንበር ስጡኝ አለች፤ ተቀመጠችና ማንም ሳይነግራት ሁለት እጇን ከሥሯ አደረገች። "በይ፣ እንሂድ" የሚለውን ስትለው ድምጿ ጫፉ ላይ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ከመስታወቱ ወዲህ ያለነው ስድስት ሰዎች ነን። የድምፅ ባለሙያው ቀስ ብሎ የጆሮ ማዳመጫውን አወለቀና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። አገሩን የማያውቁት፣ ሱቁን የማያውቁት ሰዎች አንዲት ሴት መኪና ውስጥ ስለገባችበት ጠዋት ፊታቸው ተለዋውጦ ቆመዋል። እማዬ ይህን ሁሉ በሩብ ሰዓት ነው የሠራችው። እኔ አሁንም ይከብደኛል።

እርማቱ በመጋቢት አጋማሽ ይለቀቃል። በእርስዎ ማሽን ላይ ራሱ ይገባል፤ ምንም እንዳይነኩ።

በሰኔ ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ለእማዬ እስኪረጋገጥ አይንገሯት፤ ቃል ገብቼ እንዳልቀርባት።

የእህትዎ ልጅ

—

ሚያዝያ 2

ለእህቴ ልጅ፤

ሰላምና ጤና ካንቺ አይለይ። እንዳትነግራት ያልሽኝን ነግሬያታለሁ። በዚህ ቤት ምስጢር መጠበቅ ምን እንዳደረሰብን አይተናል፤ ሁለተኛ አልሞክረውም።

እናትሽ ሦስት ቅዳሜ እኔ ዘንድ እየመጣች ጌሙን ተጫወተች። ጆይስቲኩን አንዴ ከያዘች አልሰጥም አለች፤ እኔ ከጎን ተቀምጬ ስጠቁማት "መሪ የያዘ ሰው አታውክ" ትለኛለች። ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ ድልድዩ ጋ ደረሰች። ባለ ድልድይዋ ከጎጆዋ ስትወጣ እንደ ልማዴ ከወንበሬ ተነሣሁ። ስለ ምን ተነሣህ እንደማለት ቀና ብላ አየችኝና ተመልሳ ስክሪኑን ማየት ቀጠለች። ሴትዮዋ እጇ ላይ ተቀመጠች፤ ሠረገላው ተነቃነቀ። ያ ወንዝ፣ ስድስት ዓመት ዳር ቆመን ያየነው ወንዝ፣ ከሥራቸው እየፈሰሰ አለፈ። እህቴ አላለቀሰችም። ጆይስቲኩን ጭኗ ላይ አደረገችው። ከዚያ "የእኔ ልጅ ናት የጻፈችው?" አለችኝ፤ የምታውቀውን ነገር። አዎ አልኳት። "እኔን?" አዎ አንቺን። ሌላ አልጠየቀችም።

እኔ ስለ መጽሐፍና ስለ ሰው የማውቀው የመሰለኝን ብዙ ነገር በዚህ ዓመት እንደገና ጀምሬዋለሁ። ካርዶቼን አልጣልኳቸውም፤ ግን አሁን የምጽፍባቸው በእርሳስ ነው።

ትናንት ማታ ወረቀትና እስክሪብቶ ስጠኝ አለችኝ። በሕይወቷ ደብዳቤ ጽፋ አታውቅም፤ በእኔ በኩል ነበር ሰላም የምትልሽ። የጻፈችውን እንዳላይ እጇን ጋርዳ ጻፈችው፤ አጥፋ ሰጠችኝ፤ አልከፈትኩትም። እንዳለ አብሬ ልኬዋለሁ።

አጎትሽ

—

ልጄ፤

ጨዋታውን ጨረስኩት። ሴትዮሽ ጎበዝ ናት፤ ቁልቁለት ላይ ግን ትቸኩላለች፣ ንገሪያት።

ሰኔ ትመጣለች አለኝ ወንድሜ። ከአውሮፕላን ማረፊያ የምወስድሽ እኔ ነኝ። ሻንጣሽን ከኋላ እናደርገዋለን፣ አጎትሽንም ከሻንጣው ጋር። አንቺ ከፊት ከጎኔ ትቀመጫለሽ።

ብፈራ እንዳትስቂብኝ። አንቺን ጭኜ ነድቼ አላውቅም።

እናትሽ